የጳጉሜ ዓምድ

ፕሎተሩ አረንጓዴውን ብዕር መልሶ ሰማያዊውን ሲያነሳ፣ ሉሊት የጀመረችውን ሳንድዊች ረስታ ከወንበሯ ተነሳች። ማሽኑ ወረቀቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየጎተተ፣ ብዕሩን ግራና ቀኝ እያስሮጠ ራሱ ይስላል። ቢሮው ከገዛው ገና ሦስት ሳምንቱ ስለሆነ ለምሳ ያልወጣ ሁሉ መጥቶ ያየዋል። ከሁሉም አብልጣ የምታየው ግን እሷ ነበረች። እዚህ ደንዉዲ ባለው ኢንሹራንስ ቢሮ ቀኑን ሙሉ የሰው ስምና የውል ቁጥር ኮምፒዩተር ውስጥ ስታስገባ ትውላለች። አዲስ አበባ ሳለች ግን ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ስድስት ዓመት ግራፍ ስላለች፤ በማስመሪያ፣ በቀለም ብዕርና በትዕግሥት። አትላንታ ከገባች አምስት ዓመት አልፏታል፤ እስካለፈው ሳምንት ድረስ "እስቲ አንድ ነገር ሳይልን" ያላት ሰው አልነበረም።

ያላት ዘገየ ነው። ዘገየ በቡፎርድ ሀይዌይ ዳር፣ ቻምብሊ አጠገብ ባሉት አፓርታማዎች የሚኖሩት ሐበሾች ያቋቋሙት ኮሚቴ ጸሐፊ ነው። ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል፣ ቀን ኮሌጅ ይማራል፣ መቼ እንደሚተኛ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ጉዳዩ እንዲህ ነው። በታኅሣሥ የቻምብሊ ባቡር ጣቢያ ይከፈታል፤ ከጣቢያው የሚነሱት አውቶብሶች በየት በየት እንደሚያልፉ የሚታየው ደግሞ አሁን ነው። ደጃፋችን ማቆሚያ ይሰጠን የሚሉ ሰዎች ዛሬ፣ በአሜሪካኑ አራት ሰዓት፣ ቀርበው ያስረዳሉ። እስካሁን የአፓርታማዎቹን ሰው በቫናቸው በየሥራው ሲያደርሱ የኖሩት ጋሽ ገብረሕይወት ናቸው። የእሳቸው መንጃ ፈቃድ ግን ዓርብ ያበቃል፤ ለማሳደስ ሄደው የዓይን ምርመራውን ወድቀዋል። ከዓርብ በኋላ ጎህ ሳይቀድ ሆስፒታል ወይም ሆቴል መድረስ ያለበት ሁሉ፣ የእግረኛ መንገድ በሌለው ሀይዌይ ዳር በእግሩ ሊኳትን ነው።

ኮሚቴው ያለው ማስረጃ አንድ ደብተር ብቻ ነው። ጋሽ ገብረሕይወት በአገራቸው የመጋዘን ኃላፊ ስለነበሩ ሳይጽፉ የሚያሳልፉት ነገር የለም። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ ጭረት፣ በሦስት ረድፍ፤ ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ የደንዉዲ ቢሮዎች ጽዳት። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ሳይዘሉ ጭረዋል። ሉሊት ቅዳሜና እሑድን ጭረቶቹን ስትቆጥር ዋለች፤ ዛሬ ጠዋት ቁጥሮቹን ለኮምፒዩተሩ ሰጠችው። ኮምፒዩተሩ ሁለት ዓይነት ንብርብር ግራፍ ያውቃል። አንዱ ባር ነው፣ ለየወሩ አንዳንድ ዓምድ እያቆመ በየዓምዱ ውስጥ ቀለማቱን የሚደራርብ። ሌላው ኤሪያ ነው፣ ወርን ከወር በመስመር አያይዞ ከሥሩ ያለውን ሁሉ በቀለም የሚሞላ። ሉሊት ለማሰብ እንኳ አልቆመችም፤ ኤሪያውን መረጠች። ባርማ ድሮም ስትስለው ኖራለች፤ ኤሪያ በእጅ ሲሠራ ሳምንት የሚፈጅ የቅንጦት ሥራ ነበር።

ማሽኑ ሲጨርስ ወረቀቱን በሁለት እጇ አነሳችው። ከሥር ሆስፒታሉ በሰማያዊ፣ በላዩ ሆቴሉ በቀይ፣ ከሁሉም በላይ ጽዳቱ በአረንጓዴ፤ ሦስቱ ተደራርበው ከግራ ወደ ቀኝ ዳገት ይሠራሉ። በመስከረም ጥቂት የነበረው ተሳፋሪ ወር በወር ሲጨምር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደስታዋን ብቻዋን መያዝ አቃታትና አለቃዋን ዳያንን ጠራቻት።

ዳያን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጥቂት አየችው።

"ቆንጆ ነው፤" አለች። "ግን መጨረሻ ላይ ምን ሆኑ? ሰዎቹ ሥራ አቆሙ?"

ሉሊት ጎንበስ አለች። ዳገቱ አሥራ ሁለተኛው ነጥብ ድረስ ወጥቶ ወደ አሥራ ሦስተኛው ሲሻገር ገደል ገብቷል፤ ከዘጠኝ መቶ ሠላሳ ተሳፋሪ ወደ ሦስት መቶ አርባ ስምንት።

"ደግሞስ፣" አለች ዳያን በጣቷ እየቆጠረች፣ "አሥራ ሦስት ወር ከየት አመጣሽ?"

ሉሊት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ጋሽ ገብረሕይወት ደብተሩን የያዙት በሐበሻ አቆጣጠር ነው፤ ከመስከረም 1979 እስከ ጳጉሜ። እሷም አሥራ ሦስት ስም አየች፣ አሥራ ሦስት ቁጥር አስገባች። ለእሷ ዓመት አሥራ ሦስት ወር ነው፤ ምን የሚያስገርም ነገር አለው? ጳጉሜን ከነስድስት ቀኗ እንደ ሙሉ ወር ቆጥራ ለማሽኑ ሰጠችው፤ ማሽኑም የታዘዘውን አደረገ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። ይህን ወረቀት ይዛ ብትቀርብ ኖሮ "ቫን የሚፈልገው ሰው እያለቀ ነው" ብላ በገዛ እጇ መመስከሯ ነበር።

ያም ሆኖ ደስታዋ አልበረደም፤ እንዲያውም ጋለ። ስህተት ፈልጎ ማግኘትና ማቃናት ድሮ የሚጣፍጣት ሥራ ነው፤ ረስታው እንጂ አልጠፋትም ነበር። ዳያንን እስከ ሦስት ሰዓት በማሽኑ ልሥራ ብላ ለመነቻት።

"ፈቃድ ወስደሽ የለ? ሥሪ፤" አለች ዳያን። "ይዘሽው እንዳትሄጂ ብቻ።"

ከምሳ በኋላ ዘገየና ጋሽ ገብረሕይወት ሊወስዷት መጡ። ጋሽ ገብረሕይወት ለስብሰባው ብለው ከረባት አስረዋል፤ ደብተሩ ከሉሊት ጠረጴዛ ላይ መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ነው የተቀመጡት። ዘገየ ግራፉን አየና ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄማ ይገለናል፤" አለ። "ጳጉሜን ደሊት አድርጊያት። ሲምፕል ነው። ለነሱ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው፤ ማን ይጠይቀናል?"

"ማንን ነው የምታጠፋው?" አሉ ጋሽ ገብረሕይወት። "በጳጉሜ ስድስቱንም ቀን ነድቻለሁ። እንደዚያ ሳምንት ደክሞኝ አያውቅም።"

"ጋሼ፣ እርስዎን አላጠፋም። ቻርቱ ላይ ብቻ ነው።"

ሉሊት ግን ከወሬያቸው አንዲት ቃል ያዘች።

"ለምን ደከምዎት?"

"ሌበር ዴይ አይደል እንዴ፣ የሠራተኞች በዓላቸው? ሆቴሉ ሁሉ ሞላ። አልጋ የሚያነጥፍ፣ ሰሃን የሚያጥብ፣ የሚያውቁትን ሰው ሁሉ ጠሩ። ከላይኛው ሕንፃ ቬትናሞቹም ሳይቀሩ መጡ። በአሥራ አምስት ሰው ቫን በቀን አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ጽፌዋለሁ እኮ ልጄ፣ አላየሽውም?"

አይታዋለች። ጭረቶቹን አንድ በአንድ ቆጥራለች፤ ቀኑን ነው ያልቆጠረችው። እርሳሷን አነሳች። የነሐሴ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ለሠላሳ ቀን፣ በቀን ሠላሳ አንድ ሰው። የጳጉሜ ሦስት መቶ አርባ ስምንት ለስድስት ቀን። ውጤቱን ጽፋ እንደገና አካፈለችው፤ ያው መጣ።

"ሃምሳ ስምንት፤" አለች። "በቀን ሃምሳ ስምንት ሰው።"

ዘገየ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሉሊት ሳቋ አመለጣት። ገደል የመሰላቸው የዓመቱ ትልቁ ከፍታ ነበር፤ ሆስፒታሉ እንደወትሮው አሥራ ሁለት፣ ጽዳቱ ስምንት፣ ሆቴሉ ግን ከአሥር ተነስቶ ሠላሳ ስምንት ገብቷል። ጋሽ ገብረሕይወት ብቻ አልገረማቸውም፤ እሳቸው ከመሪው ኋላ ተቀምጠው በወገባቸው ሲያውቁት ኖረዋል።

ሁሉንም ወር ለቀኑ አካፍላ እንደገና አሳለችው። ብዕሮቹ ሲሮጡ ሦስቱም ማሽኑን ከበው ቆሙ። አዲሱ ግራፍ ዓመቱን ሙሉ ቀስ እያለ ወጣና በመጨረሻ ወደ ሰማይ ተተኮሰ፤ ቀዩ ቀለም መጨረሻው ላይ አብጦ ትልቅ ተራራ ሆነ።

"ዋው፤" አለ ዘገየ፣ ወረቀቱን ከማሽኑ እየሳበ። "ይሄን ያየ ሰው አውቶብሱን ራሱ ነድቶ ያመጣልናል። በቃ፣ ይሄ ነው። እንሂድ።"

ሉሊትም ልትሄድ ቦርሳዋን አነሳች። ከዚያ ተራራውን አንዴ ደግማ አየችውና ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። ማሽኑ ከነሐሴ ነጥብ ወደ ጳጉሜ ነጥብ አንድ ዳገት መስመር ስቧል፤ ያየው ሰው ተሳፋሪው ወሩን ሙሉ በየቀኑ ሲበዛ የከረመ፣ ነገም መቶ የሚገባ ይመስለዋል። ስድስቷ ቀን ደግሞ የሠላሳ ቀን ቦታ ይዛለች። የድሮ አለቃዋ አቶ ንዋይ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር። "በሁለት ነጥብ መሃል ያለውን ካላወቅሽ መስመር አትስጪው፤ ዓምድ አቁሚለት" ይሉ ነበር፣ እንደገና እያሠሯት የቀደደችውን ወረቀት ቁጥር እስክትረሳ ድረስ።

"አይሆንም፤" አለች። "የመጀመሪያው እኛን በደለን፤ ይሄኛው ደግሞ እነሱን ያታልላል።"

"ሊትል ቢት ቢያታልልስ? ቁጥሩ ሁሉ እውነት ነው፣ ራይት?"

"ቁጥሩ እውነት ነው። የዋሸው ስዕሉ ነው።"

"ሉሊት፣ ሰዎቹ ከሰኞ ጀምሮ በእግራቸው ነው የሚሄዱት። ወይንሸት እርጉዝ ናት፤ በዚያ ሀይዌይ ዳር አርባ ደቂቃ ትሄዳለች። ስለ መስመር ነው የምታስቢው?"

ይህ ንግግር ወጋት። ወይንሸት የሆስፒታሉ ላውንድሪ ሠራተኛ ናት፤ በሰማያዊው ቀለም ውስጥ ካሉት ከአሥራ ሁለቱ አንዷ።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤" አሉ ጋሽ ገብረሕይወት ለራሳቸው።

"ጋሼ፣ ሚቲንጉ እኮ እስኪጠራ አይጠብቀንም።"

"ይሄንንም፣ በእጄ የምስለውንም ይዘን እንሄዳለን፤" አለች ሉሊት በመጨረሻ። "አንድ ሰዓት ስጠኝ።"

የኮምፒዩተሩ ባር ሁሉንም ዓምድ እኩል ውፍረት ስለሚሰጥ አልፈለገችውም። ከዳያን ትልቅ ወረቀት ለመነች፤ የማሽኑን ብዕሮች አንድ በአንድ ከጉያው ነቅላ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረች። አንድ ቀን አንድ ሚሊ ሜትር። ስለዚህ እያንዳንዱ ወር ሠላሳ ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ ጳጉሜ ስድስት። አንድ ሰው ሁለት ሚሊ ሜትር ቁመት። መስከረም አጭርና ሰፊ ሆኖ ቆመ፤ ጥቅምት፣ ኅዳር ተከተሉት። መጀመሪያ እያንዳንዱን መስመር ሁለቴ ለካች፣ ታኅሣሥ ላይ እጇ ተፍታታ፣ ከየካቲት በኋላ አንገቷን ሳታቀና ትሠራ ጀመር። የቢሮው ሰዎች ከኋላዋ ቆመው ያዩ ነበር፤ አላወቀችም። ግንቦት ላይ አውራ ጣቷ ያልደረቀ ቀይ ነክቶ አበላሸና ዘገየ "ኦ ኖ" ሲል ብቻ ሰማች። ጥፋቱን ትታው ቀጠለች፤ እንደገና የምትጀምርበት ጊዜ የለም። በመጨረሻ ከሰፋፊዎቹ ዓምዶች አጠገብ አንዲት ቀጭን ዓምድ አቆመች፤ ከሁሉ የጠበበች፣ ከሁሉ የረዘመች። ከነሐሴ ጋር የሚያያይዛት መስመር አልሳበችም።

ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ብዕሮቹን ወደ ማሽኑ መለሰች። ፊቷ ግሎ፣ ጣቶቿ ሦስት ቀለም ሆነው፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ከጋሽ ገብረሕይወት ቫን ኋላ ተቀምጣ ወረቀቱን እንዲደርቅ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሄደች። እስከዚያ ቀን ቫኑ ውስጥ ገብታ አታውቅም። የራሷ መኪና አላት፣ ሥራዋ የቀን ነው፤ እነዚያ ጭረቶች የት እንደሚቀመጡ አይታ አታውቅም ነበር። የመቀመጫዎቹ ልብስ በየሰዉ ጀርባ ልክ አልቋል። ከፊቷ ባለው ወንበር ኪስ ውስጥ አንድ የሴት የሥራ ጫማ ተወትፏል።

ስብሰባው ትንሽ ክፍል ውስጥ ነበር። ለባቡርና አውቶብስ ድርጅቱ ጥያቄውን የምትሰማው ሚስስ ኮልማን የምትባል ጠና ያለች ጥቁር ሴት ናት፤ ፊቷ አይሞቀው አይበርደው። ከእነሱ በፊት የቀረቡት ሰዎች የሚያብረቀርቅ ባለቀለም ፖስተር ይዘው፣ ቀስታቸው ሁሉ ወደ ላይ እያመለከተ፣ ተጨብጭቦላቸው ወጡ።

"አሥር ደቂቃ አላችሁ፤" አለች ሚስስ ኮልማን። "የስዕል ማቆሚያው አንድ ወረቀት ብቻ ነው የሚይዘው።"

ዘገየ ሁለቱንም ወረቀት በእጁ ይዟል። ወደ ሉሊት ጠጋ ብሎ በአማርኛ፣ "ተራራውን፤ ፕሊስ፤" አላት። "የሰዎቹን ፖስተር አየሽ አይደል?"

አይታለች። የእሷ ዓምዶች ከዚያ ፖስተር አጠገብ የተማሪ የቤት ሥራ ይመስላሉ፤ ግንቦት ላይ ደግሞ አውራ ጣቷ ቁጭ ብሏል። ስለ ወይንሸትም አሰበች። እጇን ዘርግታ በእጅ የሠራችውን ከዘገየ ሳበችና ማቆሚያው ላይ ሰካችው።

ሚስስ ኮልማን ከወንበሯ ተነስታ መጣች። በእርሳሷ ጫፍ ሰማያዊውን ከዓምድ ዓምድ ተከተለችው።

"ይሄ አይወርድም አይወጣም፤" አለች።

"ሆስፒታል ነው፤" አለች ሉሊት። "በየቀኑ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ያው አሥራ ሁለት ሰው ነው።"

"ይህች ቀጭን ምንድን ናት?"

ሉሊት ወደ ጋሽ ገብረሕይወት ዞረች። "ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሯቸው፤ እኔ አስተረጉማለሁ።"

ጋሽ ገብረሕይወት ከረባታቸውን አስተካክለው ቆሙ። "በእኛ አገር አሥራ ሦስተኛ ወር አለች በያቸው። ስድስት ቀን ናት። ዘንድሮ ከሌበር ዴይ ጋር ገጠመች፤ እኔ ነበርኩ የምነዳው።"

ሉሊት አስተረጎመች። ሚስስ ኮልማን የሽማግሌውን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አየች፤ ፈገግታም መጣ።

"እዚህ ወንበር ላይ ከመቀመጤ በፊት ሃያ ዓመት አውቶብስ ነድቻለሁ፤" አለች። "የሌበር ዴይን ሳምንት አውቀዋለሁ። ከእርሳቸው በቀር ይህን ጽፎ ያመጣልኝ ግን የለም።" ወደ ሉሊት ተመለሰች። "በቀን ሠላሳ አንድ ሰው ለአንድ የጠዋት አውቶብስ ይበቃል፤ ለማታው አይበቃም። የጠዋቱ እንዲሰጣችሁ እደግፋለሁ፣ በበዓል ሳምንት ደግሞ ተጨማሪ አንድ። እኔ የደገፍኩትን የድርጅቱ ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ አይጥልም። ወረቀቱን ተዪልኝ።"

"ከመቼ ጀምሮ?" አለ ዘገየ።

"ጣቢያው ሲከፈት፤ በታኅሣሥ።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"ከዚያ በፊት ጣቢያም የለም፣ አውቶብስም የለም።"

ውጭ ፓርኪንጉ ላይ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። ዘገየ የጠዋቱን አውቶብስ ለማን አስቀድሞ ደውሎ እንደሚያበስር ይቆጥራል፤ ጋሽ ገብረሕይወት "ሃያ ዓመት ነድቻለሁ አለች፣ ሴትዮዋ" እያሉ ይደጋግማሉ። በኋላ ዘገየ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር የያዘውን ተራራ አየት አደረገ።

"ይሄን ብናሳያት ማታውንም ትሰጠን ነበር፤" አላት፣ ያለ ቁጣ።

"ይሆናል፤" አለች ሉሊት።

"ከዓርብ እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ሁለት ወር ከምናምን ነው። እኔ እስከ ሰባት ሰዓት ጠዋት ሥራ ላይ ነኝ። ማን አለ? ሁሉም ጎህ ሳይቀድ ይወጣል።"

ጋሽ ገብረሕይወት ቁልፋቸውን አውጥተው በመዳፋቸው ላይ ያገላብጡት ጀመር። ዓይናቸው ከቁልፉ አልተነሳም።

"ጋሼ፣" አለች ሉሊት፣ "የጠዋቱ የመጀመሪያ ዙር ስንት ሰዓት ይነሳል?"

"ለአምስት ሩብ ጉዳይ። ሁለተኛው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሰባት ተኩል ሲል ጨርሼ ቤቴ ነኝ።"

እሷ ቢሮ የምትገባው ስምንት ተኩል ነው። አንዴ አሰበችው፤ እንቅልፏንም፣ ክረምቱንም፣ እንዲህ ያለ ትልቅ መኪና ነድታ እንደማታውቅም። ከዚያ ቁልፉን ከጋሽ ገብረሕይወት መዳፍ ላይ አነሳችው።

"ዛሬ እርስዎ ከጎኔ ይቀመጡ፤" አለች፣ የሾፌሩን በር እየከፈተች። "እያንዳንዱን ሰው ከየት እንደሚያነሱት ያሳዩኝ።"

ሽማግሌው በወዲያኛው በኩል ዞረው ገቡ። ሉሊት እግሯ ፍሬኑ ድረስ ስላልደረሰላት ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጋች።